የዳፑባይ የለቅሶ ቤት ቃል

ሰው በገዛ እጁ ጉሮሮውን ሲዘጋ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ። ያየሁትም ጓዳ ተደብቄ ሳይሆን በአደባባይ፣ ቦፓል ከተማ፣ የክልሉ የሸማቾች ይግባኝ ችሎት ውስጥ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ጠበቃ ሁሉ አፉን ከፍቶ እያየ ነው። ይህን ያደረገችው የባሌ ታላቅ ወንድም ሚስት ዳፑባይ ናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ክው እላለሁ። አንዳንዴ ሊጥ እያቦካሁ ትዝ ይለኝና እጄ እዚያው ሊጡ ውስጥ ይቀራል።

ዳፑ ማለት በእኛ በሕንድ ማልዋዎች ዘንድ «ጠገብን» ማለት ነው። ሴት ልጅ የተደራረበችበት ቤት ለአምላክ «በቃን፣ ገብቶናል» የሚልበት ስም ነው። እሷ ስድስተኛ ናት። አምላክ መልእክቱ አልደረሰው እንደሆነ እንጃ፣ ሰባተኛዋንም ሴት አደረጋት። «እናትና አባቴ በእኔ ጠገቡ፣ በታናሼ ቁንጣን ያዛቸው» እያለች ታስቀን ነበር።

ሁለታችንንም ጃዎራ ከተማ ያመጣን ጋብቻ ነው። እሷ ቀድማኝ ወደ ቤቱ ስለገባች ጂጂ እላታለሁ፤ ታላቅ እህቴ ማለቴ ነው። ባሏ የሞተባት ልጃቸው ጎርዳን ገና እግር ሳይተክል ነው። ወንድሞቿ ጋሪ ይዘው ሊወስዷት መጡ። ሻይ አፍልታ አጠጣቻቸውና ጋሪውን ባዶውን መለሰችው። በማግስቱ በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ጠርጋ ወፍጮ ተከለችበት። ያኔ ወፍጮ ቤት የወንድ ሥራ ነበር። ወንዶቹ በሩ ላይ ቆመው «የሞተሩ ቀበቶ ሳሪሽን ይዞ ይጠቀልልሻል!» ሲሏት፣ «እናንተን ከመስማት መጠቅለል ይሻላል፤ ዞር በሉ፣ ብርሃን ጋረዳችሁኝ» ትላቸው ነበር።

ጻድቅ ነበረች እያልኳችሁ እንዳይመስላችሁ። ምላሷ በርበሬ ነው። ለብናኝ ተብሎ ከየሰዉ ዱቄት የሚቀር እፍኝ አለ፤ የእሷ እፍኝ ከማንም እፍኝ ይበልጣል። ከእኔም ጋር በአንድ ግቢ ስንኖር በቧንቧ ተራ ሳንጣላ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ነገር ግን ወፍጮው የእሷ ነበር። በእሱ ልጇን አስተማረች፣ ዳረች፣ ጣራዋን አደሰች። ጎርዳን ሱራት ከተማ የጨርቅ ፋብሪካ ገብቶ «እናቴ፣ ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ» ባላት ቁጥር፣ «ወፍጮዬ እስካለ ድረስ በምራቴ ጓዳ እንግዳ ሆኜ አልቀመጥም» ትለው ነበር።

አሮጌው ወፍጮ ሲደክም አዲሱን ከቤሩላል ገዛች። ቤሩላል መናኸሪያው አጠገብ ሞተርና ወፍጮ የሚሸጥ የሰፈራችን ሰው ነው። እናቱ እማማ ሶሃንባይ ስንዴዋን ከዳፑባይ በቀር ለማንም አትሰጥም ነበር። ወፍጮው ሁለት ክረምት ሠራ። ከዚያ አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብ የሆነ ነገር ጓ! ብሎ ጮኸ፤ እርግቦቹ ሁሉ ከጣራው ተነሡ። ሮጬ ስገባ ክፍሉ በዱቄት ጉም ተሞልቶ ምንም አይታይም። ድንጋዩ እየተሽከረከረ ፈንድቷል። ጂጂ መሬት ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ቀኝ እጇን ይዛለች። ደሙ ዱቄቱ ላይ እየፈሰሰ ሊጥ ሆኗል። እኔ ኡኡ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«ሱጋን፣ መጮሁን ተይውና መጀመሪያ ሞተሩን አጥፊው» አለችኝ።

ሁለት ጣቶቿ ሄደዋል። ቤሩላል ሆስፒታል መጥቶ ጠየቃት፤ ብርቱካንም ይዞ ነበር። ወፍጮውን ግን አልቀይርም አለ። «ድንጋዩን ሌላ ሰው ነካክቶታል» ነው ምክንያቱ። እኔ ያን ብርቱካን በመስኮት ልወረውር ስል ጂጂ ቀማችኝ፤ «ብርቱካኑ ምን አደረገ?» ብላ ልጣ በላችው። ከሆስፒታል ስትወጣ ግን በቀጥታ ራትላም ሄዳ በወረዳው የሸማቾች ችሎት ከሰሰችው። ጉዳዩ ተጓተተ። ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ፤ ሰዉ ስንዴውን እየተሸከመ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ጂጂ ለሠርግ ቤቶች ምስር እየለቀመች፣ ከእኛ ማእድ እየተካፈለች ጠበቀች። በመጨረሻ ተፈረደላት፤ ቤሩላል አዲስ ወፍጮ ይትከል፣ ለእጇም ካሣ ይክፈል ተባለ። ያን ቀን ለመንገዱ ሁሉ ጣፋጭ ያደልኩት እኔ ነኝ። ለቤሩላል ሱቅ ጭምር ልልክለት ነበር፣ ባሌ ከለከለኝ እንጂ።

በዚያው ሳምንት እማማ ሶሃንባይ ሞተች።

ጂጂ ነጭ ሳሪዋን አውጥታ ስትለብስ ደነገጥኩ። «የት ልትሄጂ ነው?»

«ለቅሶ።»

«ጣትሽን የበላ ሰው ቤት?»

«ጣቴን የበላው ድንጋይ ነው። ሶሃንባይ ምን አደረገችኝ? ተነሺ፣ ልበሺ፤ ብቻዬን ብሄድ ሰው ይስቅብሻል።»

ሄድን። ቤሩላል ፀጉሩን ተላጭቶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሴቶቹ ሲያዩን ለቅሷቸው ለአፍታ ተቋረጠ፤ ሁሉም የሚጠብቁት ነገር ነበርና። በእኛ ዘንድ ሬሳ በወጣበት ቤት ጠብ አይገባም። የተጣላ ሰው ለቅሶ ከደረሰ ጠቡን ከጫማው ጋር ደጅ ትቶ መግባቱን በሰው ፊት መናገር አለበት። ጂጂ አልቅሳ ስታበቃ እንባዋን በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ቤሩላል ዞረች።

«ቤሩ፣ ያንተና የእኔ ነገር እስከ ወር ከሩብ ድረስ ይቀመጥ። አንተም አትነካውም፣ እኔም አልነካውም። እናትህን በሰላም አልቅስ። ከዚያ በኋላ እንደለመድነው እንናከሳለን።»

ቤሩላል ሁለት እጁን አጋጥሞ ራሱን ዝቅ አደረገላት። አሮጊቶቹ «ደግ ብለሻል፣ ደግ ብለሻል» አሉ። እኔም ብዙ ነገር አላሰብኩም። ይህ ቃል በየለቅሶው ይባላል፤ ወር ከሩብም፣ ሠላሳ ስምንት ቀን ገደማ፣ የሐዘኑ ልክ ነው። እሷም ቃሏን ጠበቀች። ሹብራ የምትባለው ወጣት ጠበቃዋ «ፍርዱን እናስፈጽም» እያለች ስትደውል «ትንሽ ቆዪ ልጄ፣ አሁን አይሆንም» ብላ ስልኩን ትዘጋው ነበር። ሹብራ አሟት ነው ብላ መድኃኒት ይዛላት መጣች።

ወር ከሩቡ አለፈ። ሹብራ ፍርዱን ለማስፈጸም አመለከተች፤ ወፍጮው ግን አልመጣም። በምትኩ ሌላ ወር ተኩል ሲያልፍ ከቦፓል መጥሪያ መጣ። ቤሩላል ይግባኝ ብሏል። ሹብራ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። «ዘግይቷል! ጊዜው አልፎበታል! ይቅርታ አድርጋችሁ ተቀበሉኝ እያለ ነው፤ አይቀበሉትም!»

በባቡር ቦፓል የሄድን ቀን ልቤ እንደ ሠርግ ቀን ነበር። ችሎቱ ደጃፍ ካለ ጋሪ ፖሃ የሚባለውን የሩዝ ቁርስ በወረቀት አስጠቅልለን፣ ሴቭ፣ የሽምብራ ጥብሱን፣ አስነስንሰንበት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ቁርሳችንን ስንበላ ሹብራ መጣች።

«እማማ ዳፑ፣ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት፤ አፍዎን አይክፈቱ። የመናገሩን ሥራ ለእኔ ይተዉት።»

«ስንት ዓመት የተናገርኩ ሴት አንድ ቀን ዝም ብል አልሞትም» አለች ጂጂ። «ግን አስረጂኝ። ይሄ ይግባኙ የሚወድቀው ለምንድን ነው?»

«ሕጉ አርባ አምስት ቀን ነው የሚሰጠው። ከዚያ ካለፈ በሩ ይዘጋል። የተዘጋውን በር የሚያስከፍት በቂ ምክንያት ብቻ ነው። እሱ ያመጣው የእናቱን ሞት ነው። የለቅሶው ሥርዓት በአሥራ ሦስተኛው ቀን ያበቃል፤ በነጋታው ሱቁን ከፍቷል፣ ፎቶም አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ የት እንደነበር ማስረዳት አልቻለም።»

«ምንም አላለም?»

«"በሐዘንና በልማድ ምክንያት" ይላል ማመልከቻው። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ እንደምገምተው የሐዘኑን ወር ከሩብ አሳልፎ፣ አርባ አምስቱን ቀን ከዚያ በኋላ ነው መቁጠር የጀመረው። የሚገርም ሰው ነው! ፍርድ ቤት እሱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው መስሎታል!» ብላ ሹብራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ጂጂ አልሳቀችም። ፖሃውን ከነወረቀቱ አጠፈችና አጠገቧ አስቀመጠችው። «ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ስላት «ጠገብኩ» አለችኝ። በስሟ የቀለደች መስሎኝ ነበር።

ከእኛ በፊት የአንድ ትልቅ የመድን ድርጅት ጉዳይ ተጠራ። እነሱም ዘግይተዋል፣ ያውም ከቤሩላል ብዙ አብልጠው። የወርቅ መነጽር ያደረገው ጠበቃቸው መዝገቡ ከአንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲመላለስ እንደቆየ፣ ከዚያ ኃላፊው ፈቃድ እንደወጡ፣ ከዚያ በዓል እንደገባ በሚጥም አንደበት አስረዳ። ሰብሳቢው ዳኛ ሽበታም ሽማግሌ ናቸው። እስኪጨርስ ሰሙት።

«መዝገብ እግር የለውም» አሉት። «ያመላለሳችሁት እናንተ ናችሁ። ቤቱ የተቃጠለበት ድሃ ማመልከቻውን አንድ ሳምንት አዘግይቶ ቢያመጣ "ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነበር" ብላችሁ ትምሩት ነበር? አትምሩትም። እኛም አንምራችሁም። ቸልተኝነት ምክንያት አይሆንም።»

ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እንዲህ ያሉ ዳኛ ቤሩላልን እንዴት ሊተዉት ነው! ጂጂን በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። እሷ ግን ከፊት ያለውን የቤሩላልን ማጅራት ትኩር ብላ ታየዋለች።

የእኛ ተጠራ። የቤሩላል ጠበቃ ስለ እናት ፍቅር ብዙ ተናገረ። ሰብሳቢው ዳኛ እጃቸውን አነሡ።

«የእናት ሞት ከባድ ነው። አሥራ ሦስቱን ቀን እቀበላለሁ፤ ከፈለጋችሁ ጨምሬ ልቀበል። ከዚያ በኋላስ? ሱቁ ተከፍቷል ይላሉ።» ከዚያ ወደ ራሱ ወደ ቤሩላል ዞሩ። «እስቲ እርስዎ ይንገሩን። ምን ያዝዎት?»

ቤሩላል ተነሣ። ጂጂን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያትና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ። አቆጣጠር ተሳስቼ ነው።»

«እንዴት ተሳሳቱ?»

«ተሳሳትኩ ጌታዬ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሰብሳቢው ከግራ ከቀኝ ያሉትን ዳኞች አዩና እስክሪብቷቸውን አነሡ። ሹብራ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ። አዲሱ ወፍጮ ቤታችን ገብቶ፣ ቀበቶው ሲዞር በጆሮዬ ሰማሁት ብላችሁ እመኑኝ።

ያኔ ነው ጂጂ የተነሣችው።

«ጌታዬ፣ እሱ አይነግራችሁም። እኔ ልንገራችሁ።»

ሹብራ ሳሪዋን ይዛ ወደ ታች ጎተተቻት። «እማማ! ይቀመጡ! ኧረ በአምላክ!» ጂጂ ሳሪዋን ነጥቃ ወደ ፊት ሄደች።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አሉ ሰብሳቢው።

«የከሰስኩት እኔ ነኝ።» እጇን አነሣች። «ይሄ ሰው የዘገየው በእኔ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ ለቅሶ ሄጄ፣ "ነገራችን እስከ ወር ከሩብ ይቀመጥ፣ አንተም አትንካው፣ እኔም አልነካውም" ብዬዋለሁ። ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። ይቺም የባሌ ወንድም ሚስት ሰምታለች፣ ጠይቋት።»

ዳኞቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መዋሸት አምሮኝ አያውቅም። ራሴን ከፍ ዝቅ አደረግኩ፤ አዎ ማለቴ ነው።

በግራ የተቀመጡት ሴት ዳኛ ወደ ቤሩላል ጎንበስ አሉ። «ይህ እውነት ከሆነ እርስዎ ለምን አልተናገሩም?»

የቤሩላል ፊት ደም መስሏል። «በእናቴ ለቅሶ ምንጣፍ ላይ የተሰጠኝን ቃል ፍርድ ቤት አምጥቼ ልሟገትበት? ጠበቃዬም "ትክድሃለች፣ ይስቁብሃል" አለኝ። ብትክደኝ የእናቴ ለቅሶ የውሸት ቦታ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ዝም ማለት ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ለጂጂ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ አለ። «እናቴ፣ የተናገሩት ነገር ምን እንደሚያስከትል ገብቶዎታል? ምክንያቱን በቂ ነው ካልን ይግባኙ ይሰማል። በእጅዎ ያለው ፍርድ እስከዚያ ይታገዳል። ሊሻርም ይችላል።»

«ገብቶኛል ጌታዬ። ጠበቃዬ ልጅ ብትሆንም በደንብ አስረድታኛለች።»

«ማንም አልጠየቀዎትም እኮ።»

«ማንም አልጠየቀኝም። ግን እኔ "ቆይ" ብዬው ስለቆየ በሩ ከተዘጋበት፣ በለቅሶ ቤት ወጥመድ አጠመድኩ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሳለም እንደሚቆጥር እኛ ምን እናውቃለን?»

የመድን ድርጅቱ ጠበቃ መነጽሩን አውልቆ ያያታል። ዳኞቹ ራሳቸውን አጋጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞረው ቃል በቃል አስጻፉ፤ የጊዜ ገደብ የተሠራው መብቱን ጥሎ ለተኛ ሰው ነው፣ ይህ ሰው አልተኛም፣ ባለጋራው ቆይ ብላው ቆየ እንጂ፤ ከዚያም የቆየበትን ቀን ሁሉ ባለጋራው ራሷ አስረድታለች፤ ስለዚህ መዘግየቱ ይቅር ተብሎ ይግባኙ ይሰማ፣ ፍርዱም ታግዶ ይቆይ።

ወደ ውጭ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ኮሪደሩ ላይ ግን ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኽኩ።

«አብደሻል? ንገሪኝ እስቲ፣ አብደሻል? ወፍጮሽ በር ላይ ደርሶ ነበር እኮ! በእጅሽ ገፍተሽ መለስሽው!»

«አልገፋሁትም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ያልኩትን አልኩ። አትጩሂብኝ፣ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ሹብራ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች፤ የመጀመሪያ ይግባኟ ነበር መሰለኝ። ቤሩላል ቀስ ብሎ መጣና የጂጂን እግር በአክብሮት ሊነካ ጎንበስ አለ። በቃ፣ አሁን ይግባኙን ሊተወው ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«እህቴ፣ ልዋሽሽ አልችልም» አላት። «ይግባኙን አልተወውም። ድንጋዩን ያስወቀርሽው በመንገደኛ ነው። ጥፋቱ የእኔ አይደለም።»

እግዚኦ! ይህን ሰው በጥፊ ያላጮልኩት ሹብራ በመካከላችን ስለነበረች ብቻ ነው።

«ማን ተው አለህ?» አለችው ጂጂ። «ወር ከሩቡ አልፏል። ሂድ ተናከስ።»

ተናከሰም። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ በመሮ ይወቀራል፤ ካልተወቀረ ስንዴውን ይደፈጥጠዋል እንጂ አይፈጨውም። ጃዎራ ውስጥ ማንም ሰው መሮውን በትከሻው አንግቶ በየመንገዱ የሚጮኸውን ወቃሪ ጠርቶ ያስወቅራል። ጂጂም እንዲሁ አድርጋለች። የቤሩላል ዋስትና ግን ድንጋዩን የሱቁ ባለሙያ ብቻ እንዲነካው ያዛል። በችሎቱ ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ ፍንካቹን አየና ስንጥቁ የጀመረው ከመሮ ምት ሊሆን ይችላል አለ። ችሎቱም የድንጋዩን ጥፋት ከቤሩላል ላይ አነሣለት። የወፍጮው ክዳን አንድ ብሎን ጎድሎት ስለተሸጠ ለእጇ ካሣ ይክፈል፣ አዲስ ወፍጮ የመትከሉ ትእዛዝ ግን ተሽሯል ተባለ። ካሣው የሆስፒታሉን ዕዳ ከፍሎ አለቀ።

ያን ዕለት እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እሷ ወፍጮ ቤቱን ስትጠርግ ዋለች። ጎርዳን ከሱራት መጣ። የተሰነጠቀውን ወፍጮ ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ወሰደው። ክፍሉን ስልክ የሚጠግን ልጅ ተከራየው። ጂጂ ሁለት ሻንጣና አንድ ድስት ይዛ ባቡር ላይ ወጣች። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብላ «የቧንቧው ተራ ሙሉ ለሙሉ ያንቺ ሆነ፤ ደስ ይበልሽ» አለችኝ።

ከሄደች በኋላ ነው ጃዎራ እሷን ማወደስ የጀመረው። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ስንዴውን ሌላ ወፍጮ ቤት ሲያስፈጭ የነበረ ሁሉ «እንደ ዳፑባይ ያለ እውነተኛ ሰው የት ይገኛል!» ይላል። የቤተ መቅደሱ ካህን የስብከቱ ምሳሌ አደረጋት። ቤሩላል ራሱ ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ሁሉ ያወራላታል፤ ሲያወራም እንባው ይመጣል። ወፍጮ ግን አልላከላትም። «ወፍጮዋን አጣች፣ እንቅልፏን ግን አላጣችም፤ ልቧ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይቆጫትም» ይሉኛል፣ እኔን አጽናንተው ሞተዋል። ስሰማው ስሰማው እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ቢያንስ እሷ ሰላም አግኝታለች እያልኩ።

ባለፈው በዓል ሱራት ሄድኩ። ጎርዳን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ጂጂ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ወፍራለች፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ምራቷ ደግ ልጅ ናት። ሻይ አቀረበችልንና ወደ ጓዳ ገብታ ከሱቅ የተገዛ የዱቄት ላስቲክ በመቀስ ስትቀድ ተሰማን። ጂጂ ፊቷን አዞረች።

«ጃዎራ ሰው ሁሉ ስምሽን ያነሣል» አልኳት፣ ደስ ይላታል ብዬ።

«ምን እያለ?»

«ዳፑባይ እንቅልፏን ትተኛለች፣ ምንም አይቆጫትም እያለ።»

«ማን ነገራቸው?»

«ያው ሰዉ ነዋ። ካህኑም ሰበከው።»

«ማን ነገራቸው አልኩሽ! መጥቶ የጠየቀኝ አለ?» ድምፅዋ ከፍ ሲል ምራቷ ከጓዳ ብቅ አለች። ጂጂ በእጇ መለሰቻትና ወደ እኔ ተጠጋች። «ይቆጨኛል ሱጋን። ጠዋት ስነሣ ይቆጨኛል። ይሄ ላስቲክ ሲቀደድ ይቆጨኛል። ዱቄቱ አይሸትም፣ ምንም አይሸትም፤ ሳየው ይቆጨኛል። ልጅቷ ሳሪዬን ስትጎትተኝ ምነው ቁጭ ባልኩ እላለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳልል ውዬ አላውቅም።»

ቦፓል ላይ ከደነገጥኩት የባሰ ደነገጥኩ። እዚያ ስትነሣ ቢያንስ የምቆጣባት ሰው ነበረች። አሁን በማን ልቆጣ?

«እንግዲያው ያ ቀን ቢመለስ» አልኳት፣ አፌ ቀድሞኝ፣ «ዝም ትያለሽ?»

አዎ እንድትል ፈልጌ ነበር። አዎ ብትለኝ ቢያንስ ከእንግዲህ አብረን እንቆጫለን ብዬ።

«አልልም» አለች፣ እንባዋ በአንድ ጊዜ ግንፍል ብሎ። «እንዴት ዝም እላለሁ? ብዬዋለሁ እኮ ሱጋን! በሰው ፊት፣ በእናቱ ለቅሶ፣ ቆይ ብዬዋለሁ እኮ!»